ነፃ ፊልም ማንን ያከስራል?

እ.ኤ.አ. በማርች 2010 ሎስ አንጀለስ ላይ በተካሄደው የኦስካር ሽልማት ሁለት ፊልሞች እኩል ዘጠኝ ዘጠኝ ዕጩነት ይዘው ተፋጠጡ። አንደኛው የጄምስ ካሜሮን «አቫታር» ነበር፤ በዓለም ዙሪያ ከሁለት ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ የገቢ ክብረ ወሰን የሰበረ። ሁለተኛው የካሜሮን የቀድሞ ባለቤት የካትሪን ቢግሎ «ዘ ኸርት ሎከር» ነው፤ ባግዳድ ውስጥ ቦምብ ስለሚያከሽፉ የአሜሪካ ወታደሮች የሚተርክ፣ በ15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተሠራ ፊልም። ያን ምሽት ያሸነፈው ትንሹ ሆነ። ምርጥ ፊልምን ጨምሮ ስድስት ሽልማት ጠራርጎ ሲወስድ፣ ቢግሎ በምርጥ ዳይሬክተርነት የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሴት ለመሆን በቃች። «አቫታር» ሦስት ይዞ ወጣ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ሁለቱ ፊልሞች ሌላ ዝርዝር ላይ እንደገና ተገናኙ። የፋይል መጋራትን ጉዳይ የሚከታተለው ቶረንትፍሪክ በቢትቶረንት አማካይነት በብዛት የወረዱ ፊልሞችን ሲደረድር «አቫታር» ከ16 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተሰርቆ አንደኛ ወጣ። «ዘ ኸርት ሎከር»ም ከስድስት ሚሊዮን ጊዜ በላይ ወርዶ ከአሥሩ ተርታ ገባ። በዓመቱ ከሁሉ በላይ የተዘረፈው ፊልም በታሪክ ከሁሉ በላይ ያተረፈው ፊልም ነበር። የኦስካሩ ባለድል ግን ከአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ያገኘው 17 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነው፤ ምርጥ ፊልም ከተባሉት ሁሉ ዝቅተኛ ገቢ ካስመዘገቡት አንዱ አድርጎታል።

ልዩነቱ ከየት መጣ? የገንዘብ ኃይል፣ የማስታወቂያ ብዛት፣ የባለ ሦስት ገጽታ መነጽሩ ጉጉት፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። «አቫታር» በዲሴምበር 2009 በአብዛኛው ዓለም የወጣው በቀናት ልዩነት ነበር። «ዘ ኸርት ሎከር» በሴፕቴምበር 2008 ቬኒስ ፌስቲቫል ላይ ታየ፣ በተከታዩ ወር በጣሊያን ሲኒማ ቤቶች ተከፈተ፤ አሜሪካዊው ተመልካች ግን እስከ ጁን 2009 እንዲጠብቅ ተደረገ። በዚያ መሐል ጥራት ያለው ቅጂ ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ወራት ተቆጠሩ። ስለ ፊልሙ የሰማና ማየት የፈለገ ሰው ከፊቱ የነበረው በር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሌባው።

አዘጋጁ ቮልቴጅ ፒክቸርስ የመለሰው መልስ ፊልሙን ያህል መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። በ2010 አምስት ሺህ ስማቸው ያልታወቀ ሰዎችን በኢንተርኔት አድራሻቸው ከሰሰ፤ በሚቀጥለው ዓመት የተከሳሾቹ ቁጥር 24,583 ደረሰ። ስልቱ ቀላል ነው። ከኢንተርኔት አቅራቢው የደንበኛውን ስም ተቀብሎ፣ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍለህ ክሱን ዝጋ የሚል ደብዳቤ መላክ። ጠበቃ መቅጠር ከዚያ ስለሚወደድ አንዳንዱ ከፈለ። ብዙዎቹ ግን የኋላ ኋላ ከክሱ ተሰረዙ፤ የኢንተርኔት አድራሻ የቤቱን መስመር እንጂ ቁልፉን የነካውን እጅ አያሳይምና። ፊልም ሠሪ ተመልካቹን በሃያ ሺዎች ቆጥሮ ፍርድ ቤት ሲያቆም ማየት፣ እውነት ለመናገር፣ የሚያኮራ ትዕይንት አልነበረም።

ስለ ፊልም ዝርፊያ የሚነገረው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ «ይጎዳል» እና «አይጎዳም» በሚሉ ሁለት ጎራዎች ይጠናቀቃል። ጉዳዩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ጥያቄው ይለወጣል። ጉዳቱን የሚወስነው፣ ተመልካቹ ፊልሙን ማየት በፈለገባት ሰዓት ከፍሎ የሚገባበት ሕጋዊ በር መኖር አለመኖሩ ነው። በሩ ሰፊ የሆነለት ፊልም ይዘረፋል፣ ግን ይኖራል። አንዲት ጠባብ በር ብቻ ያለው ፊልም በአንድ ቅጂ ይሞታል።

የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ይህን ለማየት የዘገዩት በራሳቸው ቁጥር ስለተታለሉ ይመስላል። ለዓመታት የወረደውን ፋይል ሁሉ ያልተሸጠ ትኬት እያደረጉ ሲቆጥሩ ኖሩ፤ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። የአሜሪካ የፊልም ማኅበር በ2005 ባሠራው ጥናት፣ ስቱዲዮዎቹ በአገር ውስጥ ከሚያጡት ገንዘብ 44 በመቶው በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ምክንያት ነው ብሎ ምክር ቤቱን ለሕግ ሲገፋፋ ቆይቶ፣ በጃንዋሪ 2008 ስሌቱ ላይ ስህተት ተገኘና ቁጥሩ ወደ 15 በመቶ ገደማ ወረደ። በ2010 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት መሥሪያ ቤት ስለ ቅጂ ዝርፊያ በሰፊው የሚጠቀሱ ግምቶችን መርምሮ፣ መነሻቸውን ማረጋገጥ እንዳልተቻለ ጻፈ።

ቁጥሩ ተጋነነ ማለት ጉዳት የለም ማለት አይደለም። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ለሕዝብ ከመቅረባቸው በፊት የተሰረቁ ፊልሞች ከወጡ በኋላ ከተሰረቁት ጋር ሲነጻጸሩ የሲኒማ ገቢያቸው በአማካይ 19 በመቶ ያንሳል። እዚህም ወሳኙ ጊዜ ነው። በ2009 «ኤክስ ሜን ኦሪጅንስ፦ ዎልቨሪን» ሊወጣ አንድ ወር ሲቀረው፣ የኮምፒውተር ምስሎቹ እንኳ ተሠርተው ያላለቁ ቅጂ ኢንተርኔት ላይ ተለቀቀ፤ ቅጂውን ያሰራጨ የኒውዮርክ ነዋሪ በኋላ አንድ ዓመት ተፈርዶበታል። ፊልሙ ግን በመጀመሪያ ሳምንት መጨረሻው 85 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ያላለቀው ቅጂ ያለቀውን ፊልም አልተካውም። ከአምስት ዓመት በኋላ «ዘ ኤክስፔንደብልስ 3» ሦስት ሳምንት ቀድሞ ሲያመልጥ ታሪኩ ሌላ ሆነ፤ የወጣው የጠራና የተሟላ ቅጂ ነበር። ሁለተኛው ክፍል በመጀመሪያ ሳምንት መጨረሻው ከ28 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲያገኝ ሦስተኛው ወደ 16 ሚሊዮን ወረደ። ፊልሙ ራሱ ደካማ ነበር የሚሉ አሉ፤ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን ደካማ ፊልም በመጀመሪያው ሳምንት የሚሸጠው ሰው ድክመቱን ገና ስላላወቀ ነው፤ የጠራው ቅጂ ይህን ዕድል ቀድሞ ነጠቀው።

ቅጂው የሚያመልጥበት መንገድ በዘመን ይለዋወጣል። ድሮ ዋናው በአዳራሽ ውስጥ ካሜራ ደብቆ መቅረጽ ነበር፤ አሜሪካ በ2005 ይህን እስከ ሦስት ዓመት የሚያሳስር የፌዴራል ወንጀል አደረገችው፣ ሕንድም በ2023 ባሻሻለችው የሲኒማ ሕግ ተመሳሳይ እስራትና እስከ ፊልሙ ወጪ አምስት በመቶ የሚደርስ ቅጣት ደነገገች። ከዚያ የባሰው ቀዳዳ ግን ከቤት ውስጥ ነው። ለኦስካር ድምፅ ሰጪዎች በየቤታቸው ይላክ የነበረው ዲስክ ለዓመታት የዘራፊዎች ምንጭ ሆኖ ኖሯል። በ2004 በ«ዘ ጎድፋዘር» ተከታታይ ፊልሞች የተጫወተ አንድ አንጋፋ ተዋናይ ለሱ የተላኩትን ቅጂዎች ለወዳጁ ሲያውስ መኖሩ ምስሉ ላይ በተቀበረው ምስጢራዊ ምልክት ተደርሶበት ኦስካርን ከሚሰጠው አካዳሚ ተባረረ። አካዳሚው ዲስክ መላኩን ሙሉ በሙሉ ያቆመው ግን ከዚያ ከዓመታት በኋላ ነው። በሕንድም በ2016 «ኡድታ ፑንጃብ» ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ያመለጠው ቅጂ «ለሳንሱር» የሚል ጽሑፍ ታትሞበት ነበር።

ከዝርፊያ ጋር የተደረገው ትልቁ ዘመቻ ውጤት ደግሞ ሁለት መልክ አለው። በጃንዋሪ 2012 ኒውዚላንድ ውስጥ የፋይል ማጋሪያው ድረ ገጽ የሜጋአፕሎድ ባለቤት ኪም ዶትኮም ቤቱ ተከቦ ሲያዝና ድረ ገጹ ሲዘጋ፣ አጋጣሚው ለተመራማሪዎች ሲሳይ ሆነ። አንድ ጥናት በ12 አገሮች የሁለት ስቱዲዮዎች የዲጂታል ፊልም ገቢ ከ6.5 እስከ 8.5 በመቶ ማደጉን አሳየ። ሌላው፣ የአውሮፓ ምሁራን የሠሩት፣ ያልተጠበቀ ነገር ይዞ መጣ፦ በብዙ አዳራሽ የሚከፈቱት ግዙፎች ሲጠቀሙ፣ የአነስተኛና መካከለኛ ፊልሞች የሲኒማ ገቢ ግን ቀነሰ። ምክንያቱ የአፍ ማስታወቂያ መሆኑን ተመራማሪዎቹ ይገምታሉ። ማስታወቂያ መግዣ የሌለው ፊልም በነፃ ያየው ሰው ለሌላው ያወራለታል፤ ያ ሌላው ትኬት ይቆርጣል።

ይህን ግኝት አንዳንዶች ለሌብነት እንደ ተሰጠ የምስክር ወረቀት ያነቡታል። አነባበባቸው ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ወሬ ወደ ትኬት የሚለወጠው ትኬት የሚሸጥበት መስኮት ሲኖር ነው። ፓሪስ ወይም ሙኒክ ውስጥ ትንሹም ፊልም ለሳምንታት የሚታይበት አዳራሽ፣ ቀጥሎም በካርድ የሚከፈልበት ድረ ገጽ ይጠብቀዋል። የአውሮፓ ኮሚሽን 360,000 ዩሮ ከፍሎ አሠርቶ ለሁለት ዓመት ገደማ መደርደሪያ ላይ ያቆየው ጥናትም ቢሆን፣ ሕጋዊ ሽያጭን በግልጽ የሚሻማው የቅርብ ጊዜ ታላላቅ ፊልሞች ዝርፊያ መሆኑን ነው ያመለከተው። መስኮቱ ሲዘጋ የሚሆነውም ታይቷል። የአሜሪካው ኤንቢሲ በ2007 መጨረሻ ከአፕል ጋር ተጣልቶ ፕሮግራሞቹን ከአይቲዩንስ ሲያወጣ፣ የዚያው ጣቢያ ሥራዎች ዝርፊያ ከ11 በመቶ በላይ ጨመረ። ከፍሎ ሲያይ የነበረው ሰው በአንድ ጊዜ ሌባ ሆነ፤ ጠባዩ ተበላሽቶ ሳይሆን ሱቁ ተዘግቶበት።

በአፍሪካ የዚህ ጉዳይ ትልቁ መድረክ ናይጄሪያ ናት። ኖሊዉድ እ.ኤ.አ. በ1992 «ሊቪንግ ኢን ቦንደጅ» በቪዲዮ ካሴት ከተሸጠ ጀምሮ አዳራሽን ዘልሎ በቀጥታ ወደ ገበያ የወጣ ኢንዱስትሪ ነው። በሌጎስ አላባና ኢዱሞታ ገበያዎች ካሴቱን የሚያከፋፍለውና ካሴቱን የሚያባዛው ነጋዴ አንዳንዴ ጎን ለጎን፣ አንዳንዴም አንድ ሰው ሆነው ተገኝተዋል። አዘጋጁ ወጪውን የሚመልስባት ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ ናት፤ ከዚያ በኋላ ገበያው የኮፒው ነው። መልሳቸው በፍጥነትና በብዛት ማምረት ሆነ። የብዙዎቹ ፊልሞች ጥራት ለምን እንደዚያ እንደነበረ ለሚጠይቅ፣ ከመልሶቹ አንዱ እዚህ አለ፤ በሁለት ሳምንት ለሚሞት ሸቀጥ ማንም ሁለት ዓመት አይደክምም።

የአማርኛ ፊልም የመረጠው ተቃራኒውን መንገድ ነው።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ እንደ ቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ያሉ በቪዲዮ የተቀረጹ ፊልሞች ተመልካች ሲያጥለቀልቃቸው፣ አዘጋጆቹ ካሴቱን ወደ መርካቶ አልላኩትም። ወደ ሲኒማ አምፒር፣ ወደ አምባሳደር፣ ወደ ሲኒማ ኢትዮጵያ ይዘውት ሄዱ። በየቅዳሜና እሑዱ አዳራሽ በር ላይ የተጠማዘዘው ሰልፍ የዚያ ዘመን አዲስ አበባ አንዱ መልክ ነበር። በኋላም የግል ሲኒማ ቤቶች ተጨመሩ። አዘጋጁ ፊልሙን በአዳራሽ ለወራት ያሽከረክረዋል፣ ወደ ክልል ከተሞች ይልከዋል፤ ቪሲዲው የሚወጣው ሲኒማው ተሟጦ ሲያልቅ ነው። አንዳንዱ ፊልም ቪሲዲ ሳይሆን ቀረ። ምክንያቱ የአደባባይ ምስጢር ነው፦ ዲስኩ በወጣ ማግስት አዟሪው እጅ ላይ ኮፒው አለ፤ በግማሽ ዋጋ፣ አንዳንዴም ከዋናው ሽፋን የተሻለ ሽፋን ለብሶ።

አዳራሹ ጋሻ ሆነ። ለዓመታትም ሠራ፤ የአማርኛ ፊልም በሲኒማ ትኬት ብቻ ቆሞ መሄድ መቻሉ በአህጉሩ ብርቅ ነበር። ጋሻው ግን የሚከልለው አዲስ አበባንና ጥቂት ከተሞችን ነው። የባሌ ገጠር ወጣት፣ በቤይሩትና በሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ እህት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ታክሲ የሚነዳ ሰው፣ ቴል አቪቭ ያለው ቤተ እስራኤላዊ ሁሉም የፊልሙን ስም ሰምተዋል፤ ትኬት የሚቆርጡበት ቦታ የላቸውም። ዋሽንግተን ዙሪያ ያሉት የሐበሻ ሱቆች ከእንጀራውና ከበርበሬው ጎን የፊልም ካሴትና ዲስክ ሲሸጡና ሲያከራዩ የኖሩት ይህን ረሃብ አይተው ነው። ከዚያ ዲስክ ውስጥ ስንቱ ለአዘጋጁ ከፍሎ እንደመጣ መጠየቅ የማንም ልማድ አልነበረም።

ከዚያ ዲስኩ ራሱ ጠፋ፤ ፍላሽና ሚሞሪ መጣ። በየሰፈሩ ኮምፒውተር ይዞ የተቀመጠ ልጅ በጥቂት ብር ስልክ ሙሉ ፊልም ይጭናል። ደንበኛው ርዕስ እንኳ መምረጥ አይጠበቅበትም፤ «አክሽን አድርግልኝ»፣ «ኮሪያ ካለህ ጨምርበት» ይላል፣ ልጁ ይሞላለታል። ከጎኑ ደግሞ ትርጉም ፊልም የሚባለው ዓለም አለ፦ የሆሊውዱን፣ የሕንዱን፣ የኮሪያውን ፊልም አንድ ተራኪ ከላዩ በአማርኛ እየተረከ፣ ሲመቸው ቀልድ እየጨመረ የሚያቀርብበት። ባለመብቱን ማን ጠየቀው? ማንም። የአማርኛ ትርጉም ጽሑፍ ያለው ሕጋዊ የውጭ ፊልም ፍለጋ የወጣ ሰው ግን ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ተራኪው የያዘው ማንም ሊገባበት ያልፈለገውን ገበያ ነው። ለሚሰርቀው ሥራ ይህን ያህል የሚደክም ሌባ ማግኘት አይዘወተርም፤ አንዳንዱ ተራኪ ከፊልሙ ይልቅ ይወደዳል።

እዚህ ላይ ሕጉን ገልጦ ማየት ያስፈልጋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሆን ብሎ መብት የጣሰን ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት፣ በከባድ ቸልተኝነት የጣሰን ከ1 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ እስራት እንዲቀጣ ደንግጎ ነበር የወጣው። አሜሪካ አዳራሽ ውስጥ ካሜራ ለደበቀ ሰው ከምትሰጠው ጣሪያ ሆን ተብሎ ለተፈጸመ ጥሰት የተደነገገው የኢትዮጵያው ወለል ይበልጥ ነበር። ቅጣቱ ይህን ያህል ከብዶ የፍላሽ ጫኚው እጅ ለምን አልተንቀጠቀጠም? አንዱ ምክንያት የአፈጻጸም መላላት ነው፤ ሁሉም የሚያውቀው። ሁለተኛው ግን ከራሱ ከአዋጁ ይነሳል። አዋጁ በመሠረቱ የሚጠብቀው የኢትዮጵያ ዜጎችንና ነዋሪዎችን ሥራ፣ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የወጣ ሥራን፣ አዘጋጁ መቀመጫውን እዚህ ያደረገ ፊልምንና ኢትዮጵያ አባል በሆነችባቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሚሸፈኑ ሥራዎችን ነው። አዋጁ ሲወጣ ኢትዮጵያ የቅጂ መብትን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የበርን ስምምነት፣ አባል አልነበረችም፤ የዓለም ንግድ ድርጅትም እንዲሁ።

ስለዚህ የሆሊውድ ፊልም ለአንድ የአዲስ አበባ ጫኚ ለዘመናት ባለቤት የሌለው ሜዳ ሆኖ ቆየ። ይህ የባዕድ ስቱዲዮዎች ችግር ብቻ ይመስላል፤ ዋናው ተጎጂ ግን ያገሩ ፊልም ሠሪ ነው። አንድ የአማርኛ ፊልም አዘጋጅ ወጪውን ከትኬት ሊመልስ ሲነሳ፣ ተፎካካሪው በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የተሠራ፣ ዋጋው ዜሮ የሆነ ፊልም ነው። ተመልካቹም ፊልም በጥቂት ብር በደርዘን የሚጫን ነገር መሆኑን ከልጅነቱ ተምሯል። በባዕድ ፊልም የተለመደው እጅ ወደ አማርኛው ሲዘረጋ የሚያስቆመው ድንበር አያገኝም።

ኢንተርኔት ሲረክስ ይህ ልማድ ጫኚውንም ማለፍ ጀመረ። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ዳታ ዋጋን በ43 በመቶ ቀነሰ፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳፋሪኮም ገበያውን ሲቀላቀል ፉክክሩ ተጨመረበት። የፍላሹን ሥራ የወረሰው ቴሌግራም ነው። አንድን ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት፣ ለሚከፍል ደግሞ እስከ 4 ጊጋባይት መላክ የሚያስችል መተግበሪያ ለአንድ ሙሉ ፊልም ከበቂ በላይ ነው። ቻናሉ ሲዘጋ በሌላ ስም ይከፈታል፤ ተከታዮቹ እስከ ማታ ተሰብስበው ያድራሉ። የቴሌግራም መሥራች ፓቬል ዱሮቭ በኦገስት 2024 ፈረንሳይ ውስጥ ሲያዝ ጉዳዩ በዋናነት ሌላ ወንጀል ነበር፤ የአማርኛ ፊልም አዘጋጅ ለዱባዩ ኩባንያ ደብዳቤ ጽፎ ሥራውን ለማስወረድ ያለው ዕድል ግን በዚያ አልሰፋም።

ዩቲዩብ ላይ ትግሉ የተለየ መልክ አለው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የተመዘገበን ሥራ በራሱ የሚለይ ሥርዓት ዘርግቷል፤ ሌቦቹም ሥርዓቱን ማታለል ተክነዋል። ምስሉን ግራ ቀኝ መገልበጥ፣ ዙሪያውን በፍሬም መክበብ፣ ድምፁን ማቅጠን ወይም ማፍጠን። የአማርኛ ፊልም ሲመለከቱ የሱቁ ማስታወቂያ ፊደላት በመስታወት ውስጥ እንዳሉ ተገልብጠው፣ ሾፌሩም በቀኝ መሪ እየነዳ ካገኙት፣ ፊልሙ ከባለቤቱ ቻናል አይደለም።

ፊልምን በአሥር ደቂቃ አሳጥሮ የሚተርከው ዘውግም በአማርኛ ሰፊ ተከታይ አለው። ብዙዎች ይህን ምንም ጥፋት የሌለበት አድርገው ያዩታል። ጃፓን ግን እንደዚያ አላየችውም። ፊልሞችን ከባለመብቱ ፈቃድ ውጭ አሳጥረውና ተረክ ጨምረው ዩቲዩብ ላይ የጫኑ ወጣቶች በ2021 በወንጀል ተፈረደባቸው፤ በኖቬምበር 2022 ደግሞ የቶኪዮ ፍርድ ቤት ሁለቱ ለ13 ኩባንያዎች 500 ሚሊዮን የን እንዲከፍሉ ወሰነ። የስሌቱ መነሻ እያንዳንዱ ዕይታ 200 የን ያህል ጉዳት አድርሷል የሚል ነበር። በዚህ ሒሳብ ቢሰላ ዕዳው ሕይወቱን ሙሉ ተከፍሎ የማያልቅ የአማርኛ ቻናል ጥቂት አይሆንም።

ይሁን እንጂ ዩቲዩብ ለአማርኛ ፊልም ጠላት ብቻ ሆኖ አልመጣም። መክፈያ ያጣው የዲያስፖራ ተመልካች ለመጀመሪያ ጊዜ ማስታወቂያ እያየ ለአዘጋጁ የሚከፍልበት በር ያገኘው እዚያ ነው። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የመሠረቷቸው ቻናሎች የፊልም መብት እየገዙ መጫን ጀመሩ፤ ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመጣ ዕይታ ከአገር ቤቱ ብዙ እጥፍ ስለሚከፍል ሒሳቡ ያዋጣል። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ገብቶ አዳራሾች ሲዘጉ፣ ቀድሞ የመጨረሻ ማረፊያ የነበረው ዩቲዩብ ለብዙ ፊልሞች የመጀመሪያ መድረክ ሆነ። ወጪውም አብሮ ተቆረጠ። አንድ ቤት፣ አንድ ግቢ፣ ጥቂት ተዋንያን፣ በሳምንት ያለቀ ቀረጻ። የኖሊዉድ የሁለት ሳምንት ስሌት ብዙ ዓመት ዘግይቶ አዲስ አበባ ገባ ቢባል ማጋነን አይደለም። በአዳራሽ ጋሻ ስር ሁለት ዓመት የሚለፋበትን ፊልም የሚመኝ ዳይሬክተር አሁንም አለ፤ የሚያበድረው ግን እየሳሳ ነው።

ሌላው በር የክፍያ መድረኮች ናቸው። የኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ አከፋፋይ ስላልተገኘለት ዳይሬክተሩ ራሱ ከከተማ ከተማ አዳራሽ እየተከራየ ያሳየው ፊልም ነው፤ በዋሽንግተን ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ያለው የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብሩም በዚሁ ስም ይጠራል። ያ ፊልም በ2021 ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ፊልም በጠራ ምስል፣ ባንድ ቁልፍ፣ ለሚከፍል ሁሉ። ኔትፍሊክስ ከጃንዋሪ 2016 ጀምሮ ኢትዮጵያንም ይሸፍናል። ይሁንና ጎንደር ያለ መምህር በብር ደመወዙ ሊከፍለው ቢፈልግ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ከየት ያመጣል? ቴሌብር ዳቦ ይገዛለታል፣ የመብራት ይከፍልለታል፤ ወደ ካሊፎርኒያ ግን ለዓመታት አላሻገረውም። የቴሌግራሙ ቻናል ካርድ አይጠይቅም።

ዝርፊያን ከምንጩ ለመድፈን የሚደረገው ዘመቻ አልቆመም። በ2024 የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ጥምረት ከቬትናም ፖሊስ ጋር ሆኖ ሃኖይ ላይ ያዘጋው ኤፍሙቪስና ተባባሪዎቹ፣ በአንድ ዓመት ተኩል ብቻ ከ6.7 ቢሊዮን ጊዜ በላይ የተጎበኙ ነበሩ። ብዙ የአዲስ አበባ ጫኚ ያን ሰሞን ፊልም የሚያወርድበትን አድራሻ ለውጦ ይሆናል፤ ሌላ ለውጥ ግን አላየም።

ለእሱ የሚያሰጋው ነገር ከሃኖይ ሳይሆን ከጄኔቫ የሚመጣው ነው። ኢትዮጵያ መቀመጫው እዚያ የሆነው የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ድርድሩ በቅርብ ዓመታት እንደገና ተሟሙቋል። አባልነት ከሚያስከትላቸው ግዴታዎች አንዱ የአእምሯዊ ንብረት ስምምነቱ ሲሆን፣ እሱም የበርንን ዋና ዋና ድንጋጌዎች አቅፎ ይዟል። ያኔ ባለቤት አልባ የነበረው የባዕድ ፊልም በሕግ ባለቤት ያገኛል፤ የጫኚው ኮምፒውተርና የተራኪው ማይክሮፎንም በ410/1996 ዓይን አዲስ ትርጉም ይይዛሉ። የአማርኛ ፊልም አዘጋጆች ሃያ ዓመት የጮኹለትን አፈጻጸም መጀመሪያ የሚያስጀምረው የሎስ አንጀለስ ጠበቃ ሊሆን ይችላል። ባለመብቱን አስፈቅዶ፣ ከፍሎ፣ ተራኪውን ይዞ በብር የሚሸጥ የአማርኛ ትርጉም መድረክ እስከዚያ ድረስ ካልተከፈተ ግን፣ የሚዘጋው የሰፈሩ ሱቅ ይሆናል፤ ደንበኞቹ አሁንም ቴሌግራም ላይ ናቸው።